ገበና ወይስ መዝገብ? ስለ ድሮ ቅጣትና ስለ ሕክምና ትምህርት ማመልከቻ፣ ጥያቄና መልስ

ክረምት ላይ ድሬ ስመጣ አንድ ነገር አይቀርልኝም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ይዤ እንደተቀመጥኩ አንዱ ወንበር ስቦ «ዶክተር፣ አንዴ ላስቸግርህ» ይላል። ዘንድሮ ጠያቂው በዛ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰብሰብ አልንና ሁሉም ጥያቄውን በወረቀት ጻፈ። ስም አይጻፍ ብዬ ነበር። ግማሹ ጽፏል። እኔ አላነሳውም።

የሚበዙት አሜሪካ ኮሌጅ የሚማሩ፣ ለእረፍት የመጡ ልጆች ናቸው። እናትና አባትም ነበሩ። ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። አሜሪካ ሕክምና ለመማር መጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል። ከዚያ አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት «አምካስ» የሚባል የጋራ ማመልከቻ ይሞላል። እዚያ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ በየትኛውም ኮሌጅ ወይም የሕክምና ትምህርት ቤት፣ በትምህርት ድክመት ወይም በሥነ ምግባር ጥፋት፣ ተቋሙ እርምጃ ወስዶብህ ያውቃል? አዎ ወይስ አይደለም? ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ላፕቶፑን ይዘጋል። እኔም ዘግቼ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ፈተና ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በስልክ መልስ ተለዋወጥን። ተያዝን። ፈተናው ዜሮ ሆነ፣ የአንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽን (የማስጠንቀቂያ ጊዜ) ተሰጠን። ትራንስክሪፕቴ ላይ ግን ምንም የለም። ዲኑም «ስትመረቅ ከመዝገብህ ይጠፋል» ብሎኛል። ታዲያ ምን አስጨነቀኝ?

«አዎ» በል። ቅጹ ራሱ ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። እርምጃው ከትምህርት ባያቋርጥህም፣ ትራንስክሪፕት ላይ ባይኖርም፣ በኮሌጁ ደንብ ወይም አንተ ጠይቀህ ቢሰረዝም «አዎ» ማለት አለብህ ይላል። ዲኑ አልዋሸህም። ኮሌጁ ለሌላ ሰው አያሳየውም ማለቱ ነው። አሁን የተጠየቅከው ግን አንተ ነህ እንጂ መዝገቡ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ በልጅነቱ ያጠፋውን ተቀጥቶበታል። አልፏል። አሁን ገበናውን በገዛ እጁ ለፈረንጅ የሚገልጠው ለምንድን ነው? ሰው የሸሸገውን አምላክም ይሸሽገዋል።

እናቴ፣ ከተጻፉልኝ ሁሉ የከበደኝ የእርስዎ ወረቀት ነው። እኔም ያደግሁት ገበና ይሸፈናል ተብዬ ነው። ጎረቤታችን የነበሩት የሙስሊም እናትም «አላህ የሸፈነውን አትግለጥ» ይሉን ነበር። ትክክል ናቸው። ሳይጠየቅ የራሱን ጉድ አደባባይ የሚያሰጣ ሰው እኔም አልወድም።

ግን ገበና ቤት ውስጥ የቀረ ነገር ነው። የልጅዎ ነገር ቤት ውስጥ አልቀረም። ኮሚቴ ተሰብስቦበታል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል፣ ደብዳቤ ወጥቶበታል። ቃለ ጉባኤ ያለው ነገር ገበና አይባልም። ደግሞም ልጁ ተጠይቆ ነው የሚመልሰው።

የምፈራለት ሌላ ነው። የድሮው ጥፋት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥፋት ነው። ዛሬ «አይደለም» ብሎ ከፈረመ ግን ያ የዛሬው ሰው ውሸት ነው። ዶክተር ልሁን ብሎ በሚያመለክትበት ወረቀት ላይ። ሲደረስበት የተሰጠው ቦታ ሊነጠቅ፣ ከገባም በኋላ ሊባረር ይችላል። በዚህ አያበቃም። ለስፔሻሊቲ ሲያመለክት ይጠየቃል፣ የሥራ ፈቃድ ሲያወጣ ይጠየቃል። አንዴ የዋሸውን በየጊዜው ማስታወስ ሊኖርበት ነው። ይህ ደግሞ ከቅጣቱ በላይ ቅጣት ነው።

ጥያቄ፦ አንተም ተቀጥተሃል ይባላል። እውነት ነው?

ድሬ ላይ ምን ይደበቃል አቦ! እውነት ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የኬሚስትሪ ላብ ሪፖርት ከጓደኛዬ ገልብጬ አስገባሁ። ማታ ማታ ነዳጅ ማደያ እሠራ ነበር። ለዓመታት እሱን ሰበብ ሳደርግ ኖሬያለሁ። የተያዝኩት በቁጥር ነው። ጓደኛዬ ሚዛኑን ሲያነብ ተሳስቶ ነበር። እኔ ስህተቱን ከነነጥቡ ገለበጥኩት። ኮርሱ ላይ ኤፍ፣ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት ፕሮቤሽን።

አምካስን ስሞላ መጀመሪያ የነካሁት «አይደለም» የሚለውን ነው። ሌሊት ነበር። ጠዋት ወደ «አዎ» መለስኩት። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ መያዝን ፈርቼ ነው። ለቃለ መጠይቅ ያልጠሩኝ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። በዚህ ይሁን በማርኬ፣ ማን ይነግረኛል? ከጠሩኝ ውስጥ ነገሩን ያነሳብኝ አንድ ብቻ ነው። የጠየቀችኝ ሴት ስለ ነዳጅ ማደያው አልጠየቀችም፣ ስለ ፀፀቴም አልጠየቀችም። «ጓደኛህስ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ጓደኛዬ እኩል ተቀጥቶ ነበር። ሪፖርቱን የሰጠኝ እኔ ስለለመንኩት ነው። ጽሑፌ ውስጥ ግን ስለ እሱ አንድ ቃል የለም። ላብ አጠመቀኝ። እሱንም ጥፋቱ ውስጥ ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ ነግሬያት ወጣሁ። ስለዚህ ረቂቅ ለሚያሳየኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ በአንተ የተነሳ የተጎዳ ሰው አለ? ካለ ስሙን ሳትጠራ አስገባው።

ጥያቄ፦ እሺ «አዎ» አልኩ። ከዚያ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?

ቦታው ጠባብ ነው። 1325 ካራክተር ይሰጡሃል፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት መቶ ቃል ገደማ ቢሆን ነው። ለሐዘን እንጉርጉሮ አይበቃም። ደግነቱ!

አንዱ ልጅ ረቂቁን አሳየኝ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «በወቅቱ ከነበረብኝ ጫና የተነሳ አንዳንድ ያልተገቡ ሁኔታዎች ተፈጥረው ነበር።» ማን ፈጠራቸው? ራሳቸው ተነስተው መጡ? አንባቢው ምን እንደሠራህ ሳያውቅ ጨረሰ። ያኔ ከሠራኸው የባሰ ነገር ያስባል። «ተፈጠረ»፣ «ተከሰተ» የሚል ግስ ካየህ ሰርዝ። አብረን እንዲህ አደረግነው፦ «በሁለተኛ ዓመት በስታቲስቲክስ ፈተና ላይ ለሁለት ጓደኞቼ መልስ ላክሁ። ሦስታችንም ዜሮ አገኘን፣ ለአንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽን ላይ ሆንን።» አለቀ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ልጁ ሲያነበው ፊቱ ተለወጠ። «በጣም ያጋልጣል» አለኝ። አዎ፣ ያጋልጣል።

የቀረው ቦታ ከዚያ ወዲህ ላደረግኸው ነው። የምታደርገውን ሳይሆን ያደረግኸውን። «ከእንግዲህ አይለምደኝም» ማንም ይላል። «ያንን ኮርስ ደግሜ ወሰድኩ፣ በቀጣዩ ዓመት አስጠናሁበት» ግን የሚጣራ ነገር ነው።

ሌላው ደግሞ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ብሎ ጀምሯል። እኛ ጋ ይቅርታ ከዚያ ነው የሚጀምረው፣ ሽማግሌም ይቀበለዋል። እዚያ ግን ሰይጣንን የሚከስ ሰው ጥፋቱን ያልወሰደ ይመስላቸዋል። ሰይጣኑን ተወው።

ጥያቄ፦ አምና ከድሬ ስመለስ ዘመድ የሰጠኝ ደረቅ ጫት ዶርም ውስጥ ተገኘብኝ። ፖሊስ አልመጣም። ኮሌጁ ማስጠንቀቂያና የምክር ትምህርት አዘዘብኝ። እኛ ጋ እኮ ነውር አይደለም።

እኛ ጋ በርጫ ላይ ሽማግሌም ይቀመጣል፣ ልክ ነህ። አሜሪካ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በጣም ጥብቅ ከሚባሉት የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ከነሄሮይን ጋር በአንድ ረድፍ። የአወዳይ ገበያን ለዲን ማስረዳት ከባድ ነው። ኮሌጁ መደበኛ እርምጃ ስለወሰደ «አዎ» ነው። ስትጽፍ ባህሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጥ፣ መከላከያ አታድርገው። «ባደግሁበት ከተማ የተለመደ ነው፤ የኮሌጁን ደንብና የአገሩን ሕግ ማወቅ ግን የኔ ኃላፊነት ነበር።» ይበቃል። ክስ ስላልነበረ ስለ ወንጀል የሚጠይቀው ሌላው ጥያቄ አንተን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ በውጤት ተባርሬ በሪአድሚሽን ተመለስኩ። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ሄድኩ። ዲግሪዬን የያዝኩት አሜሪካ ነው። የአገር ቤቱን መጻፍ አለብኝ?

ጥያቄው «በየትኛውም ኮሌጅ» ነው የሚለው፣ አገር አልመረጠም። ደግሞ «በትምህርት ድክመት» የሚለውን ብዙ ሰው አያየውም። ቅጣት ሲባል ስርቆትና ድብድብ ብቻ ይመስለዋል። በውጤት መባረርም እርምጃ ነው። የተማርክባቸውን ኮሌጆች ስትዘረዝርም የአገር ቤቱን አትዝለል። ሪአድሚሽን ምን እንደሆነ በአጭሩ አስረዳ። ከዚህ ተባርሮ እዚያ ዲግሪ የያዘ ሰው ታሪክ የሚያሳፍር አይመስለኝም። እንዲያውም የኔ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ ግቢ ውስጥ ረብሻ በነበረ ጊዜ ታፍሰን ሦስት ቀን ታስረናል። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም።

ታፍሶ መታሰር ጥፋተኛ መባል አይደለም። አምካስ የወንጀሉ ጥያቄ ላይ የሚፈልገው ጥፋተኛ መባልን ወይም ጥፋትን ማመንን ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው የሚልኩት ተጨማሪ ቅጽ አለ፣ «ሰከንደሪ» ይሉታል። እዚያ ላይ አጠያየቁ ሊለይ ይችላል። «ታስረህ ታውቃለህ» ካለ መልሱ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያው ረብሻ ዩኒቨርሲቲው ከትምህርት አግዶህ ከነበረ እሱ የተቋም እርምጃ ነው።

ጥያቄ፦ 11ኛ ክፍል ሆኜ አጥር ዘልዬ ወላጅ አምጣ ተብያለሁ።

አይጻፍም። የአምካስ ጥያቄ ከኮሌጅ ነው የሚጀምረው። ለልጆችህ አጫውታቸው።

ጥያቄ፦ ዶርም ውስጥ ምድጃ ለኩሼ ተጠርቼ ተመክሬ ነበር። ቅጣት ይሁን ምክር ዛሬም አልገባኝም።

ቡና ልታፈሊ ነበር አይደል? ግምት አያስፈልግም። ኮሌጁን በጽሑፍ ጠይቂ፦ በስሜ የተመዘገበ እርምጃ አለ ወይ? የአሜሪካ ኮሌጅ ከሆነ ከ1974 ጀምሮ ያለ ሕግ የራስሽን መዝገብ የማየት መብት ይሰጥሻል፣ ቢዘገይ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት ግዴታቸው ነው። «የለም» ካሉሽ ደብዳቤውን አስቀምጪውና «አይደለም» በይ። ያልተቀጣሽውን መናዘዝም ልክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐረር ወይም እዚሁ ድሬ ሕክምና መማር ለሚፈልግስ?

እዚህ ምደባው በዋናነት በውጤት ነው። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አጠገብ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ሆነ የድሬው፣ ለመግባት የጥፋትህን ታሪክ በድርሰት አትጽፍም። ግን ተመርቀህ አንድ ቀን አሜሪካ ለስፔሻሊቲ ካመለከትክ «የሕክምና ትምህርትህ ተቋርጦ ወይም ተራዝሞ ያውቃል ወይ?» ትባላለህ። ያኔ ስለተቀጣህበት ወይም ስለደገምክበት ዓመት መልስ ያስፈልግሃል። ደብዳቤዎችህን አትጣል።

ጥያቄ፦ ድጋፍ የሚጽፍልኝ አስተማሪ ስለ ጥፋቴ አያውቅም። ልንገረው?

ንገረው። ከሌላ ሰው ቢሰማ የሚያፍረው እሱ ነው። ከተቻለ ደግሞ የቀጣህን አስተማሪ ራሱን ለምነው። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኔ አልደፈርኩም።

ጥያቄ፦ ሳብሚት አድርጌዋለሁ። «አይደለም» ብዬ። ማንም ካላወቀ ዝም ብል ምን ይለኛል?

እህቴ፣ ይህቺን ወረቀት አጥፈሽ አጥፈሽ ክታብ አሳክለሽ ነው የሰጠሽኝ። ዝም ማለቱ ቢቀልሽ ኖሮ አትጽፊውም ነበር።

ዛሬውኑ ለአምካስ ጻፊ። ከዚያ ማመልከቻሽ ለደረሳቸው ትምህርት ቤቶች በሙሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ። ኢሜይሉ ረጅም አይሁን። ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ፣ ምን አጥፍቼ ምን እንደተቀጣሁ። ለምን ደበቅሽ ብለው እንዳይጠይቁሽ አንድ ቃል ጨምሪ፦ ፈርቼ ነው። ካመለከቱ በኋላ አዲስ እርምጃ የተወሰደበት ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ያንቺ አዲስ ባይሆንም ሰዓቱ እንደ ጀመረ ቁጠሪው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሊተውሽ ይችላል፣ ይህን አልደብቅሽም። ራሳቸው ደርሰውበት ሲጠይቁሽና አንቺ ቀድመሽ ስትነግሪያቸው ግን አንድ አይደለም።

ከመላክሽ በፊት ሰው እንዲያይልሽ ከፈለግሽ ነገ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እዚያው ከዚራ ነኝ። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ። ቻርጀሩን አትርሺ።