ከዘራው በረዶ ላይ ለምን ይተከላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ጌም ሠሪ ከዲዝኒ ካርቱኖች የሠራቸውን ስድስት የድሮ ጌሞች የያዘውን ስብስብ ለልጄ ገዝቼለት ነበር፤ ከሁሉም አብልጦ የወደደው ባለጠጋው ዳክዬ ስክሩጅ በከዘራው እየነጠረ ሀብት የሚፈልግበትን ዳክቴልስን ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ታድሶ የወጣውን ቅጂ ያለ ችግር ይጨርስ የነበረ ልጅ፣ በ1989ኙ ላይ ከዘራው አልነጥር ይለዋል። ሂማላያ ሲደርስ ደግሞ ስክሩጅ በረዶው ውስጥ እየተተከለ ይሞትበታል። የተበላሸው ጆይስቲኩ ነው ወይስ ጌሙ? አጨራረሱ እንደ አጨዋወቱ ይለያያል የሚባለውስ እውነት ነው?
የአሥር ዓመት ልጅ አባት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጆይስቲኩም ጌሙም ደህና ናቸው። በ1989ኙ የኒንቴንዶ ቅጂ ስክሩጅ ማክዳክ በከዘራው እንዲነጥር መጀመሪያ መዝለል፣ ከዚያም ገና አየር ላይ ሳለ የታች አቅጣጫውንና የከዘራውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጣት ትንሽ ከዘገየ ሽማግሌው በእግሩ ያርፋል። ዌይፎርዋርድ የተባለው ኩባንያ ያደሰው የ2013ቱ ቅጂ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ መንጠርን ስለፈቀደ፣ ልጅዎ የለመደው የቀለለውን ነው። በዚያው ቅጂ ቅንብር ውስጥ የድሮውን አነጣጠር የሚመልስ ምርጫ አለና፣ እሱን አብርቶ ጥቂት ቀን ቢለማመድ ጣቱ ይፈታል።

የበረዶው ነገር ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ጌሙ በሙሉ የቆመው በዚያች ከዘራ ላይ ነው፤ ባለጠጋው ዳክዬ ሰይፍም ሽጉጥም ስለሌለው እሾህ የሚሻገረው፣ የጠላት አናት የሚመታው፣ ሣጥን የሚሰብረው፣ ድንጋይ እንደ ጎልፍ ኳስ የሚለጋው በእርሷ ነው። ተጫዋቹ እየነጠረ መሄድን እንደ መራመድ ከቆጠረው በኋላ ሂማላያ ላይ ያው ልማድ ወጥመድ ይሆንበታል፦ ከዘራው ለስላሳውን በረዶ ሲነካ ይሰምጣል፣ ስክሩጅም እስኪወጣ ድረስ ጠላት ይደርስበታል። ስለዚህ ልጅዎ በረዶው ላይ ተራ ዝላይ ይጠቀም፤ ከዘራውን ለጠላት አናትና በረዶ ላልሸፈነው ጠንካራ ወለል ያቆየው። በእኔ ግምት ከጌሙ ሁሉ ብልሃት የተሞላበት ቦታ ይኸው ነው፤ አንድም አዲስ መሣሪያ ሳይጨምር የያዙትን ብቻ በመንሣት ያስቸግራል።

አምስቱ መዳረሻዎች አማዞን፣ ትራንሲልቫኒያ፣ የአፍሪካ ማዕድን፣ ሂማላያና ጨረቃ ናቸው። (ሌሎቹ የየራሳቸው ስም ሲኖራቸው አፍሪካ እንዳለች በአንድ ጉድጓድ መወከሏን ሳይታዘቡ ማለፍ ያስቸግራል።) በፈለገው ቅደም ተከተል ሊሄድባቸው ይችላል፤ ሆኖም ወደ ማዕድኑ የሚያስገባው መክፈቻ የሚገኘው ትራንሲልቫኒያ ስለሆነ ከእርሷ ቢጀምር ምልልስ ይቀንስለታል።

አጨራረሱ በእርግጥም ይለያያል። የአምስቱን መዳረሻዎች ሀብቶች ሰብስቦ፣ ወደ ትራንሲልቫኒያ ተመልሶ የመጨረሻውን ጠላት ድራኩላ ዳክን ያሸነፈ ሁሉ ጌሙን ይጨርሳል፤ ምርጡን መዝጊያ ለማየት ግን ቢያንስ 10,000,000 ዶላርና ሁለቱን የተደበቁ ሀብቶች መያዝ ግድ ነው። ስለዚህ ልጅዎ አይቸኩል። ባዶ በሚመስል ጥግ ሲዘል ድንገት አልማዝ ብቅ የሚልባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፣ ገንዘቡም የሚሞላው በእነርሱ ነው። የድሮው ካሴት ጨዋታን የማስቀመጫ ዘዴ ስላልነበረው ነፍስ ሲያልቅ ከሀ መጀመር ነበር፤ እርስዎ የገዙት የ2017ቱ ስብስብ ግን ጨዋታውን ማስቀመጥም ወደ ኋላ መመለስም ይፈቅዳል። መመለሱን ሂማላያ ላይ ይጠቀምበት፣ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ጨረቃ ላይ ሲደርስ ድምፁን ቀንስ አይበሉት። የሙዚቃ ደራሲው ሂሮሺጌ ቶኖሙራ ለጨረቃው ክፍል የደረሰው ዜማ ከጌሙ ይልቅ በራሱ የታወቀ ነው፤ እርስዎም ሳሎን ተቀምጠው ሳያስቡት ማንጎራጎርዎ አይቀርም።