የዘይት ጀሪካኑ ላይ ስለተጻፈው «ከኮሌስትሮል ነፃ»

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ክሊኒክ መጥታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ዶክተር፣ እንቁላል ልተው?» ብላችሁ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ቤታችሁ ስለሚገባው ዘይት ነው።

በእንቁላልም በደማችንም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል ቅባት መሰል ነገር አለ፤ በደማችን ውስጥ ያለውን አብዛኛውን የሚሠራው ግን የራሳችን ጉበት ነው። ስለዚህ በምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ብዙ ሰው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ዋናው ነገር የቅባቱ ዓይነት ነው። ጉበት ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅምበት መቀበያ አለው። ብራውን እና ጎልድስታይን የተባሉ ሐኪሞች ይህን በማግኘታቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ሳቹሬትድ የሚባለውን፣ በብርድ ቶሎ የሚረጋውን ቅባት ስናበዛ መቀበያው ይቀንሳል፤ ያልተለቀመው ኤልዲኤል ለዓመታት ደም ሥር ውስጥ ይጋገራል። ሕመም የለውም፤ በ25 ዓመታችሁ ምንም አይሰማችሁም።

በኅዳር ብርድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጠዋት ጀሪካኑን ስታዘነብሉ ዘይቱ ነጭ ሆኖ ረግቶ፣ ፀሐይ ካልመታው አልወርድ ሲል አይታችኋል። ፓልም የሚባለው ዘይት ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ቅባት ነው። ላዩ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይደለም፤ ከእህልና ከፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ፓልም ግን ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ቅባት አይነካኝም» እያለ ሽሮውን በዚህ ዘይት የሚያንሳፍፍ ሰው በጣም ያሳስበኛል።

አቅማችሁ ከፈቀደ ኑግ ወይም ሱፍ ግዙ፤ እነሱ አብዛኛው ቅባታቸው ኤልዲኤልን የሚቀንሰው ዓይነት ነው። ካልፈቀደ ያለውን ዘይት ቀንሱ። ቅቤም ቢሆን ከቅባቱ ከግማሽ በላይ ሳቹሬትድ ነው፤ ለዶሮ ወጥና ለክትፎ በበዓል ይምጣ፣ በየቀኑ ግን አይሁን። ቅቤውን ትታችሁ በለስላሳና በነጭ ዳቦ ብትተኩት ልባችሁ ምንም አላተረፈም። ባቄላ፣ ምስርና ገብስ ግን ኤልዲኤልን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በሶና ቆሎ የድሮ ሰው ምግብ ነው ብላችሁ አትናቁ።

አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘው ቤተሰብ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ተመርመሩ። በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል አለ፤ ቀጭኑንም ስፖርተኛውንም ይይዛል፣ ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ውጤቱ ተስተካከለ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ያስተካከለው መድኃኒቱ ነው።