በስልካችሁ ለማስተማር ለተነሳችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ሒሳብን፣ ሥነ ሕይወትን፣ የኮምፒውተር ትምህርትን በስማርት ስልካችሁ ቀርጻችሁ በኢንተርኔት የምታስተምሩ ወጣቶች እየበዛችሁ ነው። ሥራችሁን እከታተላለሁ፤ እኮራባችሁማለሁ። ረጅም ዘመን በትምህርታዊ ቪዲዮ ዝግጅት የቆየሁ ሰው ነኝና፣ ዛሬ በኪሳችሁ የያዛችሁት መሣሪያ ያኔ አንድ ሙሉ የባለሙያ ቡድን ይጠይቅ የነበረውን ሥራ እንደሚሠራ አውቃለሁ። መሣሪያው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ተማሪው ነው።

ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር የተማሪው ግንባር ሲቋጠር ያያል፤ ተመልሶም ያስረዳል። እናንተ ይህ ዕድል የላችሁም። ተማሪው ግራ የሚጋባበትን ቦታ ቀረጻው ሳይጀመር አስባችሁ ማግኘት አለባችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ አንሱ። በአንድ ወገን የምትናገሩትን፣ በሌላው ወገን በዚያች ቅጽበት በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጻፉ። ሁለቱ የማይገናኙበት መስመር ካለ፣ ተማሪው የሚጠፋባችሁ እዚያ ላይ ነው።

ስለ ርዝመት ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበ አንድ ጥናት በኢዲኤክስ የትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምሮ ነበር። ቪዲዮው ቢረዝምም ቢያንስ ግማሹ ዕይታ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አሳይቷል። ይህን ሰምታችሁ ትምህርቱን በሰዓት እየለካችሁ እንዳትቆርጡት አደራ። 11 ደቂቃ የሚፈልግ የሒሳብ ማረጋገጫ 11 ደቂቃ ይሰጠው። መክፈል ካለባችሁ አንድ ሐሳብ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ክፈሉት።

ከሁሉ በላይ ልትጨነቁበት የሚገባው ድምፅ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ፣ የታፈነ ድምፅ ግን ቶሎ ያደክመዋል፤ ጆሮው ቃላቱን ለመለየት ሲታገል አእምሮው ለትምህርቱ የሚተርፈው ኃይል ይቀንሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከማይክሮፎኑ ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ ከአፋችሁ በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከግድግዳ እየነጠረ የሚመለሰው ግን እምብዛም አይቀንስም። በዚህ የተነሳ ከአገጫችሁ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ልብስ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክሮፎን፣ ሁለት ሜትር ርቆ የቆመን ውድ ስልክ ያስንቃል። ማይክሮፎን ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ተውሳችሁ ከካሜራው ዕይታ ውጭ፣ አጠገባችሁ አስቀምጡና ድምፁን ብቻ ቅረጹበት። ሁለቱም ስልኮች መቅረጽ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ በቅንብር ጊዜ የጭብጨባውን ድምፅ ከእጃችሁ መገናኘት ጋር ታገጥሙታላችሁ። መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ባዶ ከሆነው ይሻላል። ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። ሙሉውን ከመቅረጻችሁ በፊት አጭር ሙከራ ቀርጻችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

ምስልን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ በኋለኛው ካሜራ ቅረጹ፤ መስኮቱ ከፊታችሁ እንጂ ከጀርባችሁ አይሁን። በነጭ ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ስትቀርጹ እጃችሁ ገባ ወጣ ባለ ቁጥር ስልኩ ብርሃኑን ሊያስተካክል ስለሚሞክር ምስሉ ይፈካል፣ ይጨልማል። በብዙ ስልኮች ስክሪኑን ለጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ብትይዙ ትኩረቱና የብርሃን መጠኑ ባለበት ይቆለፋል። ፊታችሁ የግድ መታየት አለበት ብላችሁ አትጨነቁ። የካን አካዳሚ የኢንተርኔት ትምህርት መሥራች ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርቶቹን በዩቲዩብ መልቀቅ ሲጀምር ለተማሪው የሚደርሰው ድምፁና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ነበር፤ ያም በቂ ነበር።

ጥራትን ከፒክስል ብዛት ጋር አታምታቱ። በ4ኬ የተቀረጸ ምስል 3840 በ2160 ፒክስል አለው፤ 1920 በ1080 ከሆነው አራት እጥፍ ማለት ነው። ይህ የሚጠቅማችሁ በቅንብር ጊዜ የምስሉን አንድ ክፍል አቅርባችሁ ለማሳየት ነው። ተማሪው የሚያየው ግን ሌላ ነው። የቪዲዮ መድረኮች ፋይላችሁን በተለያየ ጥራት አዘጋጅተው፣ በጥቂት ሰከንዶች ርዝመት ከፋፍለው፣ የተመልካቹ ኢንተርኔት የሚችለውን ያህል ይልካሉ። ግንኙነቱ ደካማ የሆነ ልጅ በ360 ፒክስል ከፍታ ሊያያችሁ ይችላል። እናንተም ሥራችሁን በዚያ ጥራት፣ በትንሽ ስክሪን እዩት። የጻፋችሁት ቀመር ካልተነበበ ፊደሉን አሳድጉ።

አሁን ወደ ቅንብር ልምጣ፤ ብዙ የሚያሳዝነኝ እዚህ ነው። ዛሬ ዝምታን ፈልጎ በራሱ የሚቆርጥ መተግበሪያ አለ፤ ብዙዎቻችሁም ትንፋሽ እንኳ ሳታስቀሩ ትቆርጣላችሁ። ቃል ሲጠፋችሁ የቆማችሁበትን ቁረጡ፤ ልክ ናችሁ። ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ያለው ዝምታ ግን የእናንተ አይደለም፤ ተማሪው የሚያስብበት ጊዜ ነው። ወደ አዲስ እርምጃ ከመሻገራችሁ በፊት ያለውም እንደዚሁ። እነዚህን ስትቆርጡ ቪዲዮው ይፈጥናል፤ ተማሪውም ሳይገባው የገባው እየመሰለው ይቀጥላል። ከማብራሪያ ሥር የሚገባ ሙዚቃም ይቅር። ሪቻርድ ማየር የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጓቸው ሙከራዎች ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ሙዚቃና ድምፅ መማርን እንደሚያዳክም አሳይተዋል። ከሚዘል ጽሑፍና ከሚሽከረከር ምስል ይልቅ፣ የምትናገሩለትን ቁጥር በተናገራችሁበት ቅጽበት የሚያመለክት አንዲት ቀስት ትበልጣለች።

ከመልቀቃችሁ በፊት ትምህርቱን ለማያውቅ አንድ ሰው አሳዩት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አታብራሩለት። እንደወደደው አትጠይቁት፤ በይሉኝታ አዎ ይላችኋል። ይልቁንም በቪዲዮው ካለው ትንሽ የሚለይ ጥያቄ ስጡት። ካቃተው የተሰናከለበትን እርምጃ ፈልጋችሁ ያንን ክፍል እንደገና ቅረጹ።

ከለቀቃችሁ በኋላ ስህተት ብታገኙ፣ በዩቲዩብ አንዴ የተጫነን ቪዲዮ በዚያው አድራሻ በሌላ ፋይል መተካት እንደማይቻል እወቁ። ትንሽ ስህተት ከሆነ በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ደቂቃውን ጠቅሳችሁ አርሙት። የአሠራሩን መንገድ የሚያበላሽ ከሆነ ግን ምንም ያህል ተመልካች ቢኖረው ከገጻችሁ አንሱትና አስተካክላችሁ ጫኑ። ለዚህም ሲባል ዋናውን ቀረጻና የቅንብሩን ፋይል ከስልኩ ውጭ በሌላ ማከማቻ አኑሩ፤ እንዲህ ካደረጋችሁ ለማረም የተበላሸችውን ክፍል ብቻ መቅረጽ ይበቃችኋል።