የእጅ ሥራ ጥያቄዎቻችሁ፦ ቅል፣ ሸክላና ስፌት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ቅል ላይ እሥላለሁ፤ ግን ሁሉም ሰው የሚሥለው የፋሲልን ግንብ ስለሆነ እኔም እሱኑ መድገም ሰለቸኝ። ሌላ ምን ልሥራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ግንቡ ምን አጠፋ! ቆንጆ ነው፣ ይሸጣልም። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንገለብጠው ግንቡን ሳይሆን የግንቡን ሥዕል መሆኑ ነው። ቲሸርት ላይ ያየነውን ቅል ላይ እንደግመዋለን። እርሳስና ደብተር ያዢና ራስሽ ሄደሽ እዪ።

እኔ ብሆን ከፋሲል መዋኛ እጀምር ነበር። የዛፎቹ ሥሮች በአጥሩ ላይ ወርደው ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠው ይዘውታል። አንዱን ሥር ብቻ ምረጪና ዓይንሽን ከሱ ላይ አትንቀይ፤ ከላይ ወፍራም ነው፣ ሲወርድ ይከፈላል፣ ድንጋይ ሲያጋጥመው ይዞራል፣ ስንጥቅ ሲያገኝ ይገባል። ይህን መስመር ከቅሉ አንገት ጀምረሽ ወደ ሆዱ ብታወርጂው የቅሉ ቅርጽ ራሱ ያግዝሻል፣ ምክንያቱም ሥሩ ሲወርድ እየተከፈለ እንደሚሰፋ ሁሉ ቅሉም ከላይ ቀጭን፣ ከታች ሰፊ ነው። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እዪ። ሁሉም ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ግን ሲያስተውሏቸው አንዱ ካንዱ ይለያል። ያንን ልዩነት ለመያዝ ሞክሪ።

ሩቅ መሄድ ካልቻልሽ ደግሞ የጀበና አንገት፣ የአገልግል ጠፍር፣ የገብስ ዛላ ቤትሽ አሉልሽ። ሐሳብ ጠፋ የምንለው ብዙ ጊዜ ፊታችን ያለውን ስለማናየው ነው፣ ከልቤ ነው የምልሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቅሉ ሳይደርቅ እንዳትጀምሪ። ስትወዘውዢው ዘሩ ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል።

ጥያቄ፦ ከማራኪ ሰፈር ነኝ። ትንንሽ የሸክላ እንስሳት እሠራለሁ፤ እሳት ላይ ሲገቡ ግን ይፈነዳሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጣጣው ከእሳቱ በፊት ነው። ጭቃው ውስጥ የቀረው እርጥበት በእሳት ተን ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ያፈነዳዋል። በተለይ የበሬው ሆድ ድፍን ከሆነ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ይቀራል፤ ስለዚህ ከሥሩ ፈልፍለህ ባዶ አድርገው። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ጥላ ላይ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጭቃህ ላይ የተወቀጠ ገል (የሸክላ ስባሪ) ጨምርበት፤ ስንጥቅ ይቀንሳል። እሳቱንም መጀመሪያ አለዝበው፣ ሸክላው ከሞቀ በኋላ ኩበቱን ጨምር።

ወለቃ መንደር ቅርብህ ነው፣ ሂድና የሸክላ ሠሪዎቹን እጅ እይ። የመንደሩ ሸክላ ስሙ የገነነው በቤተ እስራኤላውያን እጅ ነው፤ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ቢሄዱም ሥራው ዛሬም አለ። ስትሄድ ግን ገዝተህ ተመለስ፤ እውቀት በነፃ ወስዶ መምጣት ደስ አይልም።

ጥያቄ፦ ሙዳይ ስሰፋ የአለላው (ቀለም የተነከረው ሣር) ቀይ ነጩን ሣር ያበላሽብኛል።

መልስ፦ ሣሩ እንዲለዝብልሽ በውሃ ስታርሺው ነው ቀለሙ የሚለቀው። ከመስፋትሽ በፊት አለላውን ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂውና ጥላ ላይ አድርቂው። ነጩንና ቀዩን ደግሞ በአንድ ዕቃ አትንከሪ። ያለቀውን ሙዳይ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጪው፣ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ ሰው የሙዳዬን ዋጋ ሲጠይቀኝ አፍሬ ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል፣ በተለይ ከሴቶች። አንድ ሙዳይ ከጀመርሽበት እስከምትጨርሺበት ያለውን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፊ። የሣሩንና የአለላውን ወጪ ደምሪበት። ሌላ ሥራ ብትሠሪ ለዚያ ሰዓት ስንት ይከፈልሽ ነበር? ከዚያ በታች አትውረጂ። ገዢው "ቅዳሜ ገበያ በዚህ ዋጋ አለ" ካለሽ ሙዳዩን ገልብጠሽ ከሥር ስፌቱን አሳዪው፤ የጥቅጥቅና የላላ ስፌት ልዩነት ለማያውቅም ሰው ይታያል። አሁንም ካልገባው ይለፍ። ደግሞ አነስ ያሉ፣ ቶሎ የሚያልቁ ሥራዎችም ይዘሽ ውጪ፣ ትልቁን የሚገዛው እስኪመጣ የቀኑን ወጪ ይሸፍኑልሻል።