ካሪኩለም ከመግዛታችሁ በፊት፦ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ የጎጃም ልጆች

ከጎጃም ወጥታችሁ በባዕድ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ልጆቻችሁን ቤት ለማስተማር ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛውን ካሪኩለም እንግዛ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ የምትኖሩበት አገር ሕግ ይታያል፤ ቀጥሎ ልጁ የሚማርበት ቅደም ተከተል ይወሰናል፤ መጽሐፍ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ደግሞ ከማንም መበደር አያስፈልጋችሁም። በዲማ፣ በደብረ ኤልያስና በዋሸራ ጉባኤ ቤቶች (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች) ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዚያም ወደ ዜማና ቅኔ፣ በመጨረሻም ወደ ትርጓሜ የሚያደርሰው መንገድ በብዙ ትውልድ የተፈተነ ነው። የምትገዙት መጽሐፍ የዚህን መንገድ ጉድለት ይሙላ፤ መንገዱን አይተካ።

ከሕጉ እንጀምር፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው መጽሐፍ በመቀየር አያመልጥም። ጀርመን ውስጥ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር አይፈቀድም። ስዊድንም ለየት ያለ ምክንያት ካልቀረበ በቀር አትፈቅድም። እዚያ ያላችሁ የሚከተለውን ምክር ለማታና ለቅዳሜ ትምህርት ተጠቀሙበት። እንግሊዝ ውስጥ በመደበኛ ትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይበቃል፤ ስኮትላንድ ግን ልጁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ከሆነ የአካባቢውን አስተዳደር ፈቃድ ትጠይቃለች። አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ይለያያል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቂያ፣ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ትፈልጋለች። ከፖቶማክ ማዶ ሜሪላንድ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት እንድታሳውቁ፣ የልጁንም የሥራ ማኅደር ለግምገማ እንድታቀርቡ ትጠይቃለች። ጆርጂያ በዓመት 180 ቀን፣ በቀን 4 ሰዓት ተኩል ትላለች። ቴክሳስ ማሳወቂያ አትጠይቅም፤ ንባብ፣ የቃላት አጻጻፍ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና መልካም ዜግነት ግን እንዲማሩ ታዝዛለች። ብዙ ወላጅ የሚቸገረው ወረቀቱ ሳይገባ ልጁን ቤት ሲያስቀር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያለፈቃድ እንደቀረ ይቆጥርና ደብዳቤ መምጣት ይጀምራል። መጀመሪያ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንና የተላከበትን ደረሰኝ አስቀምጡ፤ ልጁ የሚቀረው ከዚያ በኋላ ይሁን።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ሽፋኑ ላይ «ክርስቲያናዊ» የሚል ስለተጻፈ ብቻ የቤታችሁን እምነት ያስተምራል ብላችሁ አትመኑ። በገበያው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ክርስቲያናዊ ሥርዓተ ትምህርት አብዛኛው በፕሮቴስታንት አሳታሚዎች የተዘጋጀ ነው፤ ለወንጌላውያን ቤተሰብ የሚስማማው ለተዋሕዶ ቤተሰብ እንዳለ ላይስማማ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ናሙናውን አውርዱና ሦስት ቦታ ክፈቱ። አንደኛው ስለ ጥምቀትና ስለ ቁርባን የሚናገረው ነው፤ ምሥጢር ይለዋል ወይስ መታሰቢያ ብቻ? ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው፤ ከሐዋርያት ሥራ ተነሥቶ በአንድ ዝላይ 16ኛው መቶ ዘመን ጀርመን ላይ ካረፈ፣ ልጃችሁ ስለ ኢዛናና ስለ አባ ሰላማ፣ በ325 በኒቅያ ስለተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት፣ በ451 በኬልቄዶን ስለተፈጠረው ልዩነት ምንም ሳይሰማ ያድጋል። ወይም ይባስ ብሎ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን በመናፍቅነት ተፈርጃ ያገኛታል። ሦስተኛው የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ቍጥር ነው፤ 66 ብሎ የሚቆጥር መጽሐፍ ሄኖክን፣ ኩፋሌን፣ ጦቢትን፣ ሲራክን አያውቃቸውም፤ የእኛው 81 ነው። በእነዚህ ገጾች ምክንያት መጽሐፉን መጣል ግዴታ አይደለም። ሒሳቡና እንግሊዝኛው ጥሩ ከሆነ እነሱን ብቻ ውሰዱ፤ የሃይማኖቱን ትምህርት ከራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አስተምሩ።

እዚህ ላይ ልጆችን በየቀኑ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝኛው የቃል ጥናት መዝሙር 23 የሚለው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግእዙ ዳዊት 22ኛ ነው፤ የእነሱ 51 የእኛ 50 ነው፤ «ተሣሃለኒ» የሚለው መዝሙር። የእንግሊዝኛው 9ኛና 10ኛ በእኛ ቍጥር አንድ መዝሙር ስለሆኑ ነው። ከ11 እስከ 113፣ እንዲሁም ከ117 እስከ 146 ካለው የእንግሊዝኛ ቍጥር አንድ ቀንሱ፤ ከ148 ጀምሮ ያሉት እኩል ናቸው። ይህን በዳዊቱ ሽፋን ውስጥ በእርሳስ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሒሳብ ሲመረጥ የልጁ ብቻ ሳይሆን የሚያስተምረውም ወላጅ አቅም ይታይ። ሳክሰን የተባለው የሒሳብ መጽሐፍ በየቀኑ ትንሽ አዲስ ነገር ይጨምርና ያለፈውን እየደጋገመ ያሠራል፤ ሒሳብ ማስተማር ለሚከብደው ወላጅ ይመቻል። የሲንጋፖሩ ዘዴ መጀመሪያ በሚዳሰስ ዕቃ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በቍጥር ያስኬዳል፤ አብሮ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ወላጅ ይፈልጋል። የትኛውንም ብትመርጡ በዓመቱ አጋማሽ አትለውጡ። ክፍልፋይን አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚያስተምር ልጁ መሐል ላይ ክፍተት ይዞ ይቀራል። ክፍሉን በዕድሜው አትገምቱ፤ የምደባ ፈተና ስጡት። በሒሳብ 4ኛ፣ በንባብ 2ኛ ክፍል የሚሆን ልጅ ብርቅ አይደለም፤ ቤት የማስተማር ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱንም በየደረጃቸው ታስተምሩታላችሁ። ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዙ የመምህሩ መምሪያና የተማሪው መጽሐፍ እትም አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ የገጹም የመልሱም ቍጥር አይገጥምም። መልመጃ ደብተሩ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ነው የሚገዛው።

ሙሉውን የዓመት ጥቅል በአንድ ጊዜ አትግዙ። በሒሳብና በንባብ ጀምሩና 6 ሳምንት አስኪዱት፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ጥቅሉን በሙሉ የገዛ ቤተሰብ ገንዘቡ እንዳይባክን ብሎ ሁሉንም ለመጨረስ ይሞክራል፤ በተለይ ወላጆቹ ሌሊት ሥራ የሚያድሩ ከሆነ ኅዳር ሳይጋመስ ሁሉም ይዝላል። ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ እሱም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየተከፋፈለ። ከ7 እስከ 9 ላለው ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ከ10 እስከ 12 ላለው ከ3 እስከ 4 ሰዓት በቂ ነው። ሕጉ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ካለ ቀሪውን በንባብ፣ በስፖርትና በእጅ ሥራ ሙሉት። የዕረፍት ቀናችሁን በእኛው በዓላት አቁሙ፤ ዲሴምበር 25ን ሠርታችሁ ገናንና ጥምቀትን ዕረፉ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ከባዱን ትምህርት ልጁ ድካም ሳይሰማው፣ ጧት ላይ አድርጉት።

የፊደሉን ነገር በደንብ ልናየው ይገባል። በዜማ «ሀ ሁ ሂ» እያለ እስከ ፐ የሚወርድ ልጅ ፊደል ቆጠረ ይባላል፤ ጣታችሁን መሐል ላይ «ጊ» ላይ ብታኖሩበት ግን ይጠፋዋል። ዜማውን ነው የያዘው፤ ቅርጹን አይደለም። አባቶች አቡጊዳን ያበጁት ለዚህ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት ስለሚመጣ በዜማ ማምለጥ አይቻልም። ሀሁ እንዳለቀ አቡጊዳውን ከ3 እስከ 4 ሳምንት አስጠኑት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ከታች ወደ ላይ። ሳይሳሳት ካስኬደው ወደ ንባብ ይለፍ፤ ከተሳሳተ አትቸኩሉ።

ውጭ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሌላ ችግር አለበት፤ ቀና ከን፣ ጠና ተን በጆሮው አይለያቸውም። «ቀበረ» እና «ከበረ»፣ «ጠራ» እና «ተራ» አንድ ይሆኑበታል። በአፉ ፊት ቀጭን ወረቀት ያዙለት፤ ተ ሲል ወረቀቱ ይወዛወዛል፤ ጠን በትክክል ሲል እምብዛም አይነቃነቅም። ዐይኑ ካየው ምላሱ ይከተላል። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን ግን ፊደሉ ስለማያሳይ የሚያርመው የየኔታ ጆሮ ብቻ ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ከየኔታ ዘዴውን ውሰዱ፤ ማስደገሙን፣ በቃል ማስያዙን፣ ታላቁ ታናሹን እንዲያስቀጽል (እንዲያስጠና) ማድረጉን። አለንጋውን ግን እዚያው ተዉት። በስዊድን ከ1979 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል፤ ሕጉ ባይኖርም በፍርሃት የተያዘ ቃል ፍርሃቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሒሳብና ሃይማኖት በአንድ ማዕድ የሚቀርቡበት አንድ ትምህርት ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው። ቀሪ ያለው ማካፈል ለጀመረ የ3ኛ ወይም የ4ኛ ክፍል ልጅ እንዲህ አድርጉ። 2018ን ውሰዱ፤ 5500 ደምሩበት፤ ዓመተ ዓለሙ፣ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ከፍ ያለው ልጅ 7518ን ለ19 ያካፍል፤ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበሩ (ለቀጣዩ ስሌት የሚነሣው ቍጥር) 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲገደፍ (30 እየተቀነሰ ሲጣል) አበቅቴ የሚባለው ቍጥር 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው ቍጥር 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ስህተት አለ፤ ልጁ ራሱን በራሱ ያርማል። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (በስሌቱ የሚደመርለት ጭማሪ) 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25። የትንሣኤን ተውሳክ 9 ሲጨምርበት 34፤ 30ው ሲገደፍ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ከዚያ የግድግዳውን ካሌንደር አምጥቶ ያመሳክር። ካልኩሌተር ግን አይንካ፤ ቀሪውን ወደ ነጥብ ቍጥር ለውጦ ሁሉን ያበላሽበታል።

ክላሲካል የሚባሉት ክርስቲያናዊ ካሪኩለሞች በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ለላቲን ይሰጣሉ። በዚያ ጊዜ ግእዝ አስገቡበት። ግስ (የግሥ እርባታ) እንደ ቅኔ ቤት ይወረድ፤ «ቀደሰ፣ ይቄድስ፣ ይቀድስ፣ ይቀድስ»፤ አመሰገነ፣ ያመሰግናል፣ ያመሰግን ዘንድ፣ ያመስግን። በሳምንት 5 ግስ ይበቃል። በአማርኛም ሁለት መስመር ሰምና ወርቅ በየዓርቡ ይጻፍ፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነትም ሁለት መስመር ነውና ልክ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ካለ ግን ሊያመለክትባቸው የሚያስባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ግእዝን እንደ ውጭ ቋንቋ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጎጃም ካሉ መምህር ጋር በስልክ የምታስተምሩ ከሆነ የንባብ መምህር ፈልጉ፤ የቅኔ መምህር ሁሉ ሕፃን ፊደል ለማስቆጠር ትዕግሥት አለው ማለት አይደለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ ወላጅ ሁልጊዜ አጠገብ ይቀመጥ። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። ዋሽንግተን ዲሲ ከጧቱ 8 ሲሉ በበጋቸው ባሕር ዳር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 10 ሰዓት ይሆናል። እኛ ስለማንቀይር የኔታ በቀድሞው ሰዓት ጠብቀው ይሄዳሉ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ትምህርቱ እንዳይቆም የኔታ ንባቡን በድምፅ ቀድተው በቴሌግራም ይላኩ፤ ልጁም ደግሞ የራሱን ንባብ ቀድቶ ይላክ። የወር ክፍያው በተቋረጠ ቀን ምክንያት እንደማይቀነስ ከመጀመሪያው ተስማሙ።

ለክረምት አገር ቤት ስትገቡ ዳዊቱን በሻንጣ አትክተቱት፤ በእጅ ይያዝ። አያት ፊት አንድ መዝሙር ሲያነብ አቋርጣችሁ አታርሙት፤ የተሳሳተበትን ቃል በልባችሁ ያዙና ማታ ከሥሩ በእርሳስ አስምሩበት፤ የኔታ የሚሰጡት የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ይሆናል።