በባሕር አጠገብ ስለሚደረግ ትንሽ ሠርግ የተሰጠ መልስ

በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው ዌይፌረርስ ቻፕል ጥቂት ዘመድ ብቻ ጠርተው መጋባት ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁን እህታችን፦ በ1951 ተሠርቶ የተጠናቀቀው ያ የመስታወት ጸሎት ቤት፣ መሬቱ እየተንሸራተተ በማስቸገሩ በ2024 መጀመሪያ ላይ ተዘግቶ በዚያው ዓመት ተፈታትቶ ስለተነሣ፣ ሌላ ቦታ መፈለግዎ ግድ ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ግን አገልጋዩን ያነጋግሩ፤ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ተክሊሉ ከቅዳሴና ከቁርባን ጋር በቤተ ክርስቲያን ስለሚፈጸም፣ ለባሕሩ ዳር የሚተርፈው ግብዣው ነው (ለእኔ ይህም አያንስም)። የካሊፎርኒያ የጋብቻ ፈቃድ የሚያገለግለው ለ90 ቀን ብቻ ስለሆነ ቀድመው አያውጡት። በሜይና በጁን ጠዋት ዳርቻው ብዙ ጊዜ በጭጋግ ይሸፈናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ስለሚበረታ ቬሎዎ አጭር ቢሆን፣ ለቃል ኪዳኑም ማይክሮፎን ቢዘጋጅ ይሻላል።