በሰፈር የምክር አገልግሎት ልትከፍት ላሰበችው እህት፦ ስም ዝርዝር ለማንም እንዳትሰጡ

"በሰፈራችን እንደ አቅም የሚከፈልበት የምክር አገልግሎት መጀመር እንፈልጋለን፤ በሳይኮሎጂ የተመረቁ ሁለት ልጆች አሉን፣ ገንዘብ ግን የለንም፣ ከየት እንጀምር?" ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኛም እዚሁ አዲስ አበባ በእድራችን ቤት እንዲህ ያለ አገልግሎት ከፍተን እስካሁን እየሠራን ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች "ፕሮፖዛል ጻፉ፣ ድርጅት ፈልጉ" ብለውሻል። ክፉ ምክር አይደለም። ግን ሰው በራችሁን የሚያንኳኳው መምጣቱን ሌላ ሰው እንደማያውቅ ሲተማመን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

1ኛ፦ ቢሮ አትከራዩ። እድራችሁን ጠይቁ። ወደ እድር ቤት ለመግባት ሰው ብዙ ምክንያት አለው። ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላል፣ ድንኳን ያስመዘግባል፣ ድስት ይዋሳል። ለብቻው ታፔላ በተሰቀለበት ቤት በር ላይ የታየ ሰው ግን እስከ ማታ ሰፈሩ ይነጋገርበታል። ለእኛ የተሰጠን ክፍል የእድሩ ወንበርና ብረት ድስት የሚቀመጥበት ነበር። ግማሹን በኮምፔንሳቶ ከፈልነው። ድምፅ እንዳያልፍ ከውስጥ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለጠፍንበት። ከውጭ በኩል ደግሞ ሬዲዮ ይከፈታል። የተናጋሪው ድምፅ ወደ ውጭ እንደማይሰማ ለማረጋገጥ እየተፈራረቅን ውስጥ ገብተን አወራን፣ ውጭ ቆመን አዳመጥን። ይህን ሳታደርጉ አንድም ሰው እንዳታስገቡ።

ስለ ፈቃድ ደግሞ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርን አይመለከትም። ራሳችሁን ችላችሁ ድርጅት ከሆናችሁ ግን መመዝገብ አለባችሁ። "ክሊኒክ ነን" እንዳትሉ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ያኔ ነገሩ የጤና ተቋም ፈቃድ ይሆናል። መድኃኒት አንሰጥም፣ የበሽታ ስም አንለጥፍም። እናዳምጣለን፣ ችግሩን አብረን እንፈታለን፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ወደ ሕክምና እናደርሳለን።

የድጋፍ ደብዳቤ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። እኛ የሄድንበት ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀታችንን ገለጥ አድርጎ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ "የእብድ ቤት ልትከፍቱ ነው እንዴ?" አለን። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የእድራችን ዳኛ ግን ረጋ ብለው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ያላንኳኳው ቤት የለም። ደብዳቤውን ጻፍልን፣ ድምፅህንም ቀንስ" አሉት። ደብዳቤውን በዚያ ቀን አልሰጠንም፤ ለብዙ ጊዜ አመላለሰን። ስንወጣ ግን ከወረፋው አንዲት ሴት ተከትላን መጣችና "ቤቱ የት ነው?" ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ቢሮ ስትሄዱ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

2ኛ፦ ሁለቱ ልጆች ብቻቸውን አይችሉትም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደክማሉ። እነሱን አሰልጣኝና ተቆጣጣሪ አድርጓቸው። ፊት ለፊት የሚያዳምጡት የሰፈሩ ሰዎች ይሁኑ። "ያልተማረ ሰው እንዴት?" የሚል ይመጣብሻል። የዚምባብዌውን ንገሪው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር፣ አያቶችን አሰልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። እዚያ ሆነው ሰው ያዳምጣሉ፣ ችግሩን አንድ በአንድ አብረው ይፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እነሱ ያነጋገሯቸው ሰዎች የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው በብዙ እንደቀነሰ አሳይቷል። በእኛም አገር ሳይካትሪስት በአገር ውስጥ ማሰልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሐኪም ብቻ እየጠበቅን ስንት ሰው እናጣለን?

ለስልጠናው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በነፃ ያወጣው ፒ ኤም ፕላስ የሚባል መመሪያ አለ። በሳምንት አንዴ የሚደረግ የ5 ጊዜ ቆይታ ነው። አተነፋፈስን በማረጋጋት ይጀምራል፤ ከዚያ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት፣ ከተኙበት ተነስቶ ትንሽ ትንሽ ሥራ መጀመር፣ በመጨረሻም የሚያግዝ ሰው ማግኘትን ያስተምራል። ለሙያ ባዕድ ለሆነ ሰው ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ራሱን ለማጥፋት ያቀደን ወይም ከእውነታ የራቀን ሰው ግን በዚህ አትያዙት፤ ወደ ሐኪም ነው።

አዳማጮቹን ስትመርጡ ዲግሪ አትዩ። ሰፈሩ ውስጥ "ለእሷ የነገርኩት አይወጣም" የሚባልላትን ሴት ፈልጉ። የእኛዎቹ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት፣ አንዲት አዋላጅና ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ናቸው። ከሦስቱም ጎበዟ ባለ ጉሊቷ ናቸው። ሰው ሲያለቅስ "አይዞሽ፣ ቻይው" ብለው አይቸኩሉም። ዝም ይላሉ፣ ሶፍት ያቀብላሉ፣ ከዚያ "ቀጥይ ልጄ" ይላሉ። ይህን ለማስተማር ለሌሎቹ ብዙ ጊዜ ወስዶብናል።

3ኛ፦ ገንዘብ። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ አስረዝማለሁ።

አንድ ድርጅት ለአዳማጮች ትራንስፖርትና ለስልጠና ሊሸፍንልን ተስማማ። ስሙን አልጠራም። የመጀመሪያው ገንዘብ መጣ፣ ሥራው ተጀመረ፣ ሰውም መምጣት ለመደ። ቀጣዩ ክፍያ ሲደርስ ሪፖርት የሚሰበስበው ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። "ያለ አቴንዳንስ ክፍያ አይለቀቅም" አለ። ይህ እኮ የዶሮ እርባታ ስልጠና ላይ የሚፈረምበት ቅጽ ነው አልኩት። "ለሁሉም ፕሮጀክት አንድ ነው" አለኝ። በቁጥር እናስገባልህ፣ ፆታና የዕድሜ ክልል እንስጥህ፣ የእናንተ ባለሙያ መጥቶ አሠራራችንን ይመርምር ብለን ለመንን። አልሰማንም።

ያ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ አንዲት እናት ለቀጠሮዋ ገባች። ባሏ ይመታታል፤ ለእኛ ለመናገር እንኳ ስንት ጊዜ ጀምራ አቋርጣለች። ወረቀቱ ባዶ ነበር፤ አንድም ስም አልተጻፈበትም። እሷ ግን ከላይ ያለውን ርዕስ አነበበች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ "ሌላ ጊዜ እመጣለሁ" አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላየናትም። ቤቷ ሄደን እንዳንጠይቃት ለባሏ ማጋለጥ ነው። መንገድ ላይ እንዳናስቆማት እንዲሁ። ለዚህ ነው ለዚያ ቅጽ ይቅርታ የሌለኝ።

ገንዘቡን ተውነው። ጉዳዩን ወደ እድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ወሰድነው። በየቤቱ በወር ትንሽ ብር እንዲጨመር ጠየቅን። አንዱ "እድር ለሞተ ሰው ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ለጭንቀት የምናዋጣው?" አለ። አንዲት እማማ ከኋላ ተነስተው "ሳይሞት ብንደርስለትስ?" አሉ። ጉባኤው አጸደቀው። ዛሬም የምንሠራው በዚያ መዋጮ ነው፤ የማንም እጅ አናይም። እኔ በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ ማንም ገንዘብ ልስጣችሁ ቢል ከመፈረማችሁ በፊት የሪፖርት ቅጹን አሳዩን በሉት። ስም የሚጠይቅ ከሆነ በር ላይ ሸኙት። መዝገባችሁ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው ደብተር ተቆልፎ በአንዷ ባለሙያ እጅ ይቀመጥ። ስልክ አትደውሉ፣ መልእክትም አትላኩ፤ በብዙ ቤት ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። ቀጣዩን ቀጠሮ እዚያው ፊት ለፊት ቁረጡ። ለባለጉዳዩ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ንገሩት፦ የነገርከን እዚህ ይቀራል፣ ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለሚያድን ሰው እንናገራለን።

ከመክፈታችሁ በፊት ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ያለውን ባለሙያ ተዋወቁ። ሪፈር የሚጽፍላችሁ እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአማኑኤል ሌላ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም፣ ኤካ ኮተቤም አገልግሎቱ አለ። "አማኑኤል" ሲባል የሚደነግጥ ሰው ሌላውን ሲሰማ ይቀበላል። ወረቀት ሰጥታችሁ ብቻ አትላኩ፤ ሰው አብሮት ይሂድ። የጤና መድኅን ካርድ ያለውን ካርዱን እንዲይዝ አስታውሱት።

ድባቴ ያለበትን ሰው ለመለየት ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው መጠይቅ ይረዳችኋል። በአማርኛ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ተፈትሿል። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት 9 ነገር ይጠይቃል። 9ኛው ስለ ሞት ሐሳብ ነው። አዳማጮቻችን መጀመሪያ ላይ ይህን ጥያቄ መዝለል ይፈልጉ ነበር፤ "ሐሳቡን እናስገባበታለን" ብለው ፈሩ። እንዲያ አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ የያዘውን ሰው ግን እፎይ ያሰኘዋል። "አዎ" ካለ ብቻውን አይቀመጥ። መድኃኒት፣ የተባይ መርዝ፣ ገመድ ከአጠገቡ ይራቅ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይድረስ።

ከጸበል ጋር አትጣሉ። "ጸበሉን ተዉት" ያላችኋቸው ቤተሰቦች እናንተን ነው የሚተዉት። የእኛ ልመና አንድ ነው፦ ጸበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ። የሰፈራችንን አባትና ሼኽ አስቀድመን አነጋግረን ነበር። አሁን ሁለቱም ሰው ይልኩልናል።

ክፍያውን በተመለከተ ዋጋ አትለጥፉ። እኛ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፖስታ እንሰጣለን። የቻለ ብር ያደርግበታል፣ ያልቻለ ባዶውን አሽጎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ማን ምን እንዳስገባ አይታወቅም። ሳጥኑ የሚከፈተው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ባሉበት። የሚገኘው ብዙ አይደለም። ለሻይ፣ ለሶፍትና ሕመምተኛ ይዞ ለሚሄድ ሰው ታክሲ ግን ይበቃል። ነፃ ነው ብንል ኖሮ የማይመጡ ሰዎች አሉ፤ ምጽዋት መቀበል ስለማይፈልጉ።

የመዝገቡን አሠራር በወረቀት አዘጋጅቼዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ። አዳማጮቻችን ቅዳሜ ከሰዓት ከባለሙያዋ ጋር ስለሚገናኙ ሁለቱን ልጆች ይዘሽ ብትመጪ አገናኛችኋለሁ።